ካኦ ሶይ ባንኮክ ላይ፣ ሶም ታም ቴል አቪቭ ላይ

ዳዊት፦ ጤና ይስጥልን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የታይላንድ ምግብ ነው ወሬያችን። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ፓድ ታይን ግን እንተወዋለን። ስለ ክፍለ ሀገሮቹ ምግብ ነው የምናወራው። ህሊና ሰሜን ታይላንድ፣ ቺያንግ ማይ ኖራ አሁን ባንኮክ ናት። እኔ እንደምታውቁት ቴል አቪቭ ነኝ። እስኪ ህሊና፣ ባንኮክ ዋና ከተማ ነው። ሁሉም ነገር እዚያ አይገኝም እንዴ?

ህሊና፦ ሰው እንደዚያ ነው የሚመስለው። ቺያንግ ማይ ከዚህ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የዚያ አገር ምግብ የሆነው ካኦ ሶይ ተጽፎ ግን ባንኮክ ውስጥ በየገበያ ማዕከሉ ታያለህ። ጣዕሙ ነው አብሮ ያልመጣው።

ዳዊት፦ በልቶት ለማያውቅ ሰው ንገሪልኝ።

ህሊና፦ የእንቁላል ኑድል ነው። መረቁ የኮኮናት ወተትና የካሪ ቅመም ነው፤ እርድ አለበት። ዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ ይገባበታል። ከላይ ያው ኑድል ተጠብሶ፣ ኩርሽም ኩርሽም እያለ ይበተንበታል። በጎን በትንሽ ሳህን የኮመጠጠ የሰናፍጭ ቅጠል፣ የተከተፈ ጥሬ ቀይ ሽንኩርት፣ ሎሚና በዘይት የተቁላላ የበርበሬ ድልህ ይመጣልሃል። ባንኮክ ውስጥ ብዙ ቦታ መረቁን ያወፍሩታል፣ ስኳር ያበዙበታል። የኮመጠጠውን ቅጠል ደግሞ ለስሙ ያህል ነው የሚያቀርቡት። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የኮኮናቱን ቅባት የሚሰብረው እኮ እሱ ቅጠል ነው!

ዳዊት፦ ሙስሊሞች ያመጡት ምግብ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ህሊና፦ አዎ፣ ከቻይና ዩናን በቅሎ እየነዱ ይመጡ ከነበሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ጋር ነው የሚያያዘው። ቺያንግ ማይ ውስጥ ባን ሃው የሚባል መስጊዳቸው አለ። ዓርብ ጠዋት ፊት ለፊቱ ገበያ ይቆማል። ከተማዋን የሚረግጥ ሰው ያንን ገበያ ባያልፈው ደስ ይለኛል።

ዳዊት፦ እሺ፣ ባንኮክ ያለ ሰው ትክክለኛውን እንዴት ያገኛል?

ህሊና፦ የምግቡን ስም ይዞ ከመዞር ሰዎቹን መፈለግ ይሻላል። ኢሳንን ውሰድ፤ ሰሜን ምሥራቁን ማለቴ ነው። የባንኮክ ታክሲ ነጂዎች፣ የግንባታ ሠራተኞች፣ በየቤቱ የሚሠሩ ሴቶች፣ ብዙዎቹ የኢሳን ልጆች ናቸው። ስለዚህ የኢሳን ምግብ በየመንገዱ አለ። ታክሲዎች ተደርድረው የቆሙበት፣ የሙቀጫ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ካየህ ግባ።

ዳዊት፦ ሶም ታም ነው የሚወቀጠው?

ህሊና፦ እሱ ነው። ጥሬ ፓፓያ ይላጥና እንደ ክር ተከትፎ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያ፣ ከቲማቲምና ከሎሚ ጋር ይወቀጣል። ግን ተጠንቀቅ። የውጭ ሰው ሲያዩ ኦቾሎኒና ደረቅ ሽሪምፕ ያለበትን፣ ጣፈጥ የሚለውን ሶም ታም ታይ ነው የሚሰጡህ። የኢሳኑ ፕላ ራ አለበት። ፕላ ራ የወንዝ ዓሣ ነው፤ በጨውና በሩዝ ፉርሽካ ወራት ተቀምጦ የተብላላ። ሽታው ኃይለኛ ነው። «ሳይ ፕላ ራ» በላቸው፣ ፕላ ራ ጨምሩበት ማለት ነው። ያን ጊዜ ሻጯ ቀና ብላ ታይሃለች፤ ሳህኑም ይለወጣል።

ዳዊት፦ ታዲያ የሰሜኑ ምግብ ለምን እንደዚያ አልተስፋፋም?

ህሊና፦ አንዱ የሰው ቁጥር ነው፤ ከሰሜን የመጣው ሠራተኛ እንደ ኢሳኑ ብዙ አይደለም። ሁለተኛው ቅመሙ ነው። ላርብን እንይ። በኢሳን የተከተፈ ሥጋ በሎሚና በተቆላ ሩዝ ዱቄት ነው። የሰሜኑ ላርብ ሎሚ የለውም። የደረቀ ቅመም ብዛት ነው፤ ከሁሉም በላይ ማክዌን። ማክዌን ትንሽ ፍሬ ናት፣ ምላስን ቆንጠጥ አድርጋ ታደነዝዛለች። እሷን ሳይዙ የሰሜን ላርብ ሠራሁ ማለት አይቻልም። ናም ንያው የሚባለው መረቅም የደረቀ የዛፍ አበባ ይፈልጋል። እነዚህን ባንኮክ ሱፐርማርኬት ገብተህ አታገኛቸውም። ያላቸው ሰዎች ከዘመድ የሚያስልኩት ናቸው። እኔም የምበላበትን ቤት የመረጥኩት ባለቤቷ ቅመሙን ከእናቷ እንደምታስመጣ ስለነገረችኝ ነው።

ዳዊት፦ ደቡቡስ?

ህሊና፦ ደቡቡ ይቀላል። ሲሪራጅ ሆስፒታል አጠገብ ዋንግ ላንግ ገበያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1903 የተከፈተው የባንኮክ ኖይ ባቡር ጣቢያ እዚያው ጎን ነበር፤ የደቡብ ባቡር መነሻ። የደቡብ ምግብ ቤቶች አሁንም እዚያ አሉ። ወጦቹ በትሪ ተደርድረው ታያለህ። በእርድ ቢጫ የሆነውን ኮምጣጣ የዓሣ ወጥ ጠይቅ፤ ደቡቦቹ ጌንግ ሶም ይሉታል፣ ባንኮክ ጌንግ ሉዌንግ ይለዋል። ያቃጥላል፣ የምሬን ነው። እና በጠዋት ሂድ፤ ከሰዓት ጥሩ ጥሩው አልቆ ይጠብቅሃል። አንተ ጋስ እንዴት ነው?

ዳዊት፦ እዚህም ያው ሰዎቹን መከተል ነው። እስራኤል እርሻ ላይ የሚሠሩት የታይላንድ ሰዎች አብዛኞቹ ከኢሳን ናቸው። ዓረቫ በረሃ ድረስ አሉ። ስለዚህ እዚህ ለቁም ነገር የሚሆን የታይ ምግብ ካለ የኢሳን ነው። በአሮጌው ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አካባቢ፣ እኛ በርበሬና ሽሮ ፍለጋ የምንሄድበት ሰፈር ማለት ነው፣ የእስያ ዕቃ ሱቆች አሉ። የሚያጣብቀው ሩዝ አለ፣ የዓሣ ሶስ አለ። ሰዎቹ ግን ለሥራ መጥተው ከዘመድ ርቀው ነው ያሉት። ሐሙስ ማታ ያንን ሩዝ በከረጢት ተሸክሞ ወደ እርሻው የሚመለስ ልጅ ሳይ አንጀቴን ይበላኛል።

ህሊና፦ ፓፓያ ባይገኝስ?

ዳዊት፦ በዱባ አይሆንም መቼም። ኪያር ይሆናል?

ህሊና፦ ይሆናል እንጂ! ታም ቴንግ ይባላል፣ እዚያው ኢሳን ውስጥም በኪያር ይሠሩታል። እዚህ ጋ ማንም ምትክ ነው አይልህም። የሚያጣብቀውን ሩዝ ግን እንዳትቀቅለው።

ዳዊት፦ እንዴት ላድርገው ታዲያ?

ህሊና፦ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው። ጠዋት አጥልለውና በእንፋሎት አብስለው። የቀርከሃ ቅርጫቱ ከሌለህ ወንፊት ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፍና የሚፈላ ድስት አፍ ላይ አስቀምጠው፤ ውኃው ሩዙን አይንካው። መሃል ላይ አንዴ ገልብጠው። ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ሲበስል ዘርጋ አድርገህ እንፋሎቱን አስወጣለት፣ ከዚያ ክዳን ባለው ነገር ክተተው፤ አለበለዚያ ይደርቃል። በእጅ ነው የሚበላው፣ እንደ እንጀራችን። ትንሽ ቆርሰህ፣ ጠቅለል አድርገህ፣ ሶም ታሙ ውስጥ ትነክረዋለህ።

ዳዊት፦ ዛሬ ማታ እዘፈዝፋለሁ። ሙቀጫ ግን የለኝም።

ህሊና፦ ከዚያው ከጣቢያው ሰፈር የሸክላውን ፈልግ። የድንጋዩ ፓፓያውን ያደቀዋል።