አሰልጣኙ ሳይሰናበት ስንብቱን ማን ነገረን?

(ምስል፦ ዌምብሌይ ስታዲየም። ቀይ መለያ የለበሱ ተጫዋቾች ዋንጫ ያነሳሉ።)

ሜይ 25 ቀን 2024፣ ዌምብሌይ። ማንችስተር ዩናይትድ ማንችስተር ሲቲን 2 ለ 1 አሸንፎ የኤፍኤ ካፕ (የእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ) ዋንጫ በላ። ጋርናቾ አስቆጠረ፣ ሜይኑ ደገመ። ዶኩ በ87ኛው ደቂቃ አንድ ቢመልስም አልበቃም። የተሸነፈው ሲቲ ደግሞ ገና ባለፈው ሳምንት የሊጉን ዋንጫ ለአራተኛ ተከታታይ ዓመት የወሰደ ቡድን ነው።

ለማንኛውም አሰልጣኝ ከዚህ የበለጠ ቀን አይመጣም። የዩናይትዱ አሰልጣኝ ኤሪክ ቴን ሃግ ግን ዋንጫውን ሲያነሳ የሚያየው ሰው ሁሉ በሆዱ የያዘው አንድ ወሬ ነበር፦ ይሄ ሰውዬ አልቆለታል።

ምክንያቱም ከፍጻሜው በፊት በነበረው ዓርብ ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ አንድ ዘገባ አውጥቷል። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ዩናይትድ ቴን ሃግን ሊያሰናብት ወስኗል የሚል። ከጨዋታው በኋላ ሲጠይቁት ሰውየው አልተለማመጠም። ካልፈለጉኝ ሌላ ቦታ ሄጄ ዋንጫ አነሳለሁ፣ ዕድሜዬን በሙሉ የሠራሁት ይህንኑ ነው አለ።

እንደምን ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቴን ሃግ ብቻ አይደለም። አሰልጣኝ ሊባረር ነው የሚለው ወሬ ከየት እንደሚነሳ፣ ማን እንደሚያወጣው፣ ለምን እንደሚያወጣው ነው። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ወደ እኛ ስመልሰው የውድድር ዓመቱ ይምታታል።

(ምስል፦ የጋዜጣ ርዕሶች በተከታታይ ያልፋሉ።)

ከዌምብሌይ በኋላ የሆነውን አስታውሱ። ክለቡ ዝም አለ። የውድድር ዓመቱን እየገመገምን ነው ከማለት ውጭ ትንፍሽ የለም። በዚህ መሀል ስም እንደ ጉድ ዘነበ። ቶማስ ቱኸል፣ ፖቸቲኖ፣ ኪራን ማኬና፣ ቶማስ ፍራንክ፣ ደ ዘርቢ፣ ሳውዝጌት። የማንቼ (የዩናይትድ) ደጋፊ በየቀኑ አዲስ አሰልጣኝ ይዞ ያድር ነበር።

መጨረሻው ምን ሆነ? የክለቡ አለቆች አሰልጣኙ ለእረፍት ወደሄደበት ኢቢዛ ድረስ በረው ትቀጥላለህ አሉት። ይህን የተናገረው ራሱ ነው፣ ለሆላንድ ቴሌቪዥን። ከቱኸል ጋር መነጋገራቸውንም እንደነገሩት አልደበቀም። ጁላይ 4 ቀን ደግሞ እስከ 2026 የሚያቆየው አዲስ ውል ተፈረመ።

እና ጋርዲያን ዋሽቷል?

እኔ አልዋሸም ባይ ነኝ። ብዙ ደጋፊ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሾልኮ የወጣ መረጃ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። በዚያ ቀን፣ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ የሆኑ ሰዎች ምን እያሉ እንደነበር ነው የሚነግረን። ዓርብ ዕለት ሊሸኙት አስበው ይሆናል። ቅዳሜ ዋንጫ መጣ፣ የደጋፊው ስሜት ተለወጠ። ከዚያ ደግሞ የሚፈልጉትን ሰው ማግኘት አልቻሉም። ሐሳባቸውን ቀየሩ። ዘገባው ግን ወጥቷል፣ አይመለስም።

ደግሞም ሐሳቡ ጨርሶ አልሞተም። ዩናይትድ ዋንጫውን ባነሳበት ዓመት ሊጉን በ8ኛ ደረጃ ነው የጨረሰው። በአዲሱ የውድድር ዓመት፣ ኦክቶበር 27፣ በዌስትሃም 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ በማግስቱ ቴን ሃግ ተሰናበተ። ዩናይትድ 14ኛ ነበር። ውሉ ከታደሰ አራት ወር እንኳ አልሞላም። ክለቡ በኋላ ባወጣው የሂሳብ ሪፖርት ለአሰልጣኙ፣ ለረዳቶቹና በዲሴምበር ለሄደው ስፖርት ዳይሬክተር ለዳን አሽዎርዝ ስንብት 14.5 ሚሊዮን ፓውንድ ወጪ አስመዝግቧል። የሜይ ወሬ በሜይ ቢፈጸም ኖሮ ሂሳቡ ይቀል ነበር ብዬ ሳስብ ይቆጨኛል። እኔ እንኳ ብሩ የኔ አይደለም።

(ምስል፦ ጥቁር ሰሌዳ፣ በኖራ የተጻፈ አንድ ጥያቄ፦ ማን ይጠቀማል?)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባላል አይደል? በኳስ ወሬ ላይ የሚጨመረው ሐሳብ አንድ ነው፦ ይህ ወሬ ዛሬ በመውጣቱ ማን ይጠቀማል? ጋዜጠኛ የሰማውን ይጽፋል። የነገረው ሰው ግን በነጻ አልነገረውም።

ወሬ የሚወጣባቸው በሮች አሉ፤ ከመጀመሪያው፣ ከክለቡ ራሱ እንጀምር። «የክለቡ ምንጮች እንዳሉት» የሚለውን ስታነቡ፣ ብዙ ጊዜ ተደብቆ የሰረቀ ሰው አይደለም የተናገረው። ስሜ አይጠቀስ ብሎ ለጋዜጠኛ የሚያስረዳ የክለቡ ሰው ነው። ለምን? ደጋፊው እንዲዘጋጅ። ወይም ደጋፊው ምን እንደሚል ለማየት። ቁጣ ከመጣ ማንም ምንም አላለም፣ ጭብጨባ ከመጣ መግለጫው ይወጣል።

የዴቪድ ሞይስን ነገር ተመልከቱ። የዩናይትድ የረጅም ዘመን አሰልጣኝ ፈርጉሰን በ2013 ሲለቅ ሞይስ የስድስት ዓመት ውል ተሰጠው። ኤፕሪል 20 ቀን 2014 በገዛ የቀድሞ ክለቡ በኤቨርተን 2 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያ ሽንፈት ዩናይትድ አራተኛ መውጣት በሂሳብም አበቃለት፣ ቻምፒየንስ ሊግ (የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች ውድድር) የለም ማለት ነው። ሰኞ ከሰዓት ጋዜጦቹ ሁሉ በአንድ አፍ ሞይስ ሊባረር ነው አሉ። ማክሰኞ ጠዋት ተባረረ።

ለምን ከሌላው ሽንፈት በኋላ አልሆነም? ቡድኑ እኮ ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ ነበር። በወቅቱ በስፋት እንደተዘገበው ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበረ፤ ቻምፒየንስ ሊግ መግባት የማይቻል ከሆነ ክለቡ የሚከፍለው ካሳ የአንድ ዓመት ደመወዝ ብቻ ይሆናል። ከስድስት ዓመት ውል ላይ! ስለዚህ እሑድ ማታ ኳሱ አለቀ፣ ሰኞ ወሬው ወጣ። ሰኞ ዕለት ክለቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሐሰት ነው ማለት ይችል ነበር። አላለም። እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው መልሱ ያለው። የአሰልጣኞች ማኅበሩ ነገሩ የተያዘበትን መንገድ ከሙያ ሥነ ምግባር የራቀ ብሎ ወቅሷል። ሰውየው ከአለቆቹ በፊት ከጋዜጣ ሲሰማ ሌላ ምን ይባላል?

ከሞይስ በኋላ ዩናይትድን የያዘው ቫንሃልም እንደዚሁ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ አላረዝመውም። ዲሴምበር 2015 ሞሪንሆ ከቼልሲ ሲባረር፣ ቫንሃልን ሊተካ ነው የሚለው ወሬ በቀጥታ የዩናይትድ ሜዳ ኦልድትራፎርድ ገባ። ቫንሃል ጋዜጠኞቹን ይቅርታ ሊጠይቀኝ የሚፈልግ የለም ወይ ብሎ መልካም ገና ተመኝቶላቸው ጋዜጣዊ መግለጫውን ጥሎ ወጣ። ሜይ 21 ቀን 2016 ክሪስታል ፓላስን አሸንፎ ኤፍኤ ካፕ ሲያነሳ፣ ገና ከዌምብሌይ ሳይወጣ የሞሪንሆ መምጣት ተዘገበ። ከሁለት ቀን በኋላ ተሰናበተ። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ያው ክለብ፣ ያው ዋንጫ፣ ያው ወሬ። ማንቼ ዋንጫ ሲያነሳ አሰልጣኙ ሊጨነቅ ይገባል መሰለኝ።

(ምስል፦ ስልክ ላይ የሚያወራ ሰው ጥላ።)

ሁለተኛው በር ወኪል ነው። ወኪል የሚሠራው ስም በማስጠራት ነው። የኪራን ማኬናን ጉዳይ እዩት። ኢፕስዊችን በተከታታይ ዓመታት ከሦስተኛው ዲቪዚዮን እስከ ፕሪሚየር ሊግ አወጣ። በ2024 ሜይ ስሙ ከዩናይትድ፣ ከቼልሲ፣ ከብራይተን ጋር ተነሳ። ሜይ 30 ቀን ከኢፕስዊች ጋር እስከ 2028 የሚያቆይ አዲስ ውል ፈረመ። እሱ ወይም ወኪሉ ወሬውን አውጥተዋል ማለቴ አይደለም። ግን ሦስት ክለብ ይፈልገዋል የተባለ ሰው ለድርድር ሲቀመጥ ወንበሩ ከፍ ይላል። የጋዜጣ ወሬ ለደጋፊ መዝናኛ ነው፣ ለተደራዳሪ መሣሪያ ነው።

ሦስተኛው በር መልበሻ ክፍል ነው። ይሄ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም የሚያወራው ሰው የሚጎዳው የራሱን አለቃ ነው። ባየርን ሙኒክ፣ ማርች 2023። አሰልጣኙ ናግልስማን በቻምፒየንስ ሊግ ስምንት ተጫውቶ ስምንቱንም አሸንፏል፣ ፒኤስጂን አስወጥቷል። የታክቲክ ወረቀቱ ግን ከመልበሻ ክፍል ወጥቶ የጀርመን ጋዜጣ ላይ ታትሞ አየው። ከዚያ በሌቨርኩሰን ተሸነፈ፣ በሊጉ ከዶርትሙንድ በአንድ ነጥብ ብቻ አነሰ፣ የብሔራዊ ቡድኖች እረፍት መጣ፣ እሱም ኦስትሪያ በረዶ ላይ ሊንሸራተት ሄደ። ሐሙስ ማታ የዝውውር ወሬ ጋዜጠኛው ፋብሪዚዮ ሮማኖና የጀርመን ጋዜጠኞች ጻፉ፦ ናግልስማን ወጪ፣ ቱኸል ገቢ። አለቆቹ ገና አላናገሩትም ነበር። የክለቡ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኦሊቨር ካን በኋላ መረጃው እንደሾለከባቸው አምኗል።

እዚህ ላይ ወሬው ከክለቡ ቀደመ። ክለቡ ፈለገም አልፈለገም በማግስቱ መግለጫ ማውጣት ግድ ሆነበት። ቱኸል በመጨረሻው ቀን ሊጉን አሸነፈ። በዚያው ቀን ደግሞ ካን እና የስፖርት ኃላፊው ሳሊሃሚጂች ራሳቸው ተባረሩ።

(ምስል፦ ክሎፕ ለደጋፊው እጁን ያወዛውዛል።)

እስቲ ተቃራኒውን እንይ። ጃንዋሪ 26 ቀን 2024፣ ዓርብ ጠዋት። ሊቨርፑል አንድ ቪዲዮ ለቀቀ። አሰልጣኙ ክሎፕ በዓመቱ መጨረሻ እለቃለሁ፣ ጉልበቴ እያለቀ ነው አለ። ዓለም ደነገጠ። ለባለቤቶቹ የነገራቸው ግን በኖቬምበር ነው። ከዚያ እስከ ጃንዋሪ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ጋዜጠኛ ስለጠፋ አይደለም፤ በእንግሊዝ ከሊቨርፑል በላይ የሚቆፈር ክለብ ጥቂት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የሚጠቀም ሰው ስለሌለ ነው። ክሎፕ በፈቃዱ ነው የሚሄደው፣ የካሳ ጭቅጭቅ የለም። ደጋፊው ይወደዋል፣ ቀድሞ ማዘጋጀት አያስፈልግም። ተጫዋቹ አልጠላውም። ወሬው የሚሸሽበት በር ሁሉ ተዘግቷል። የፈርጉሰን ስንብትም በ2013 እንደዚሁ እስከ ዋዜማው ማታ ድረስ ተጠብቆ ነበር፤ በነጋታው ጠዋት ክለቡ ራሱ ይፋ አደረገው።

አሁን ወደ እኛ ስልክ እንምጣ። የእንግሊዝ ጋዜጠኛ «ክለቡ ስለ አሰልጣኙ የወደፊት ዕጣ እያሰበ ነው» ብሎ ይጽፋል። አንዱ የወሬ አሰባሳቢ ገጽ «ሊያሰናብት ነው» ይለዋል። ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ቀይ መብራት ተለጥፎበት «ሰበር፦ ተሰናበተ!» ይሆናል። ማታ ካፌ ውስጥ ደግሞ አንዱ «የተከፈለውን ካሳ ሰምታችኋል?» ይላል። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የጨመረው።

ሌላው ማስረጃ የሚመስል ነገር የውርርድ ድርጅቶች ዋጋ ነው። «ቀጣይ ተባራሪ አሰልጣኝ» ላይ ዋጋው ወረደ፣ ስለዚህ እውነት ነው ይላሉ። ዋጋው የሚወርደው ግን ሰው ሲያስይዝበት ነው። ሰው የሚያስይዘው ደግሞ ወሬውን አንብቦ ነው። ወሬው ራሱን ምስክር አድርጎ ጠራ ማለት ነው። ተጫዋቹ አሰልጣኙን ኢንስታግራም ላይ አንፎሎ አደረገ የሚለውንማ ተዉት።

ታዲያ ምን እንይ? እኔ መጀመሪያ የማየው በክለቡ ላይ ዕለት ተዕለት የሚውለው ጋዜጠኛ ምን እንዳለ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ከተሳሳተ ነገ በዚያ በር መግባት ይቸግረዋል። ሦስት አራቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ከጻፉ፣ እንደ ሞይሱ ሰኞ፣ አንድ ሰው ጠርቶ ነግሯቸዋል። ቀጥሎ የማየው ክለቡ ማስተባበል አለማስተባበሉን ነው። ከዚያ ደግሞ ቀኑን፦ ከትልቅ ጨዋታ በፊት ነው? ውል ሊታደስ ነው? የካሳ አንቀጽ ሊሠራ ነው?

አንዳንዴ ደግሞ ወሬ ጨርሶ አያስፈልግም።

(ምስል፦ ሊዝበን፣ የስፖርቲንግ ስታዲየም።)

ቴን ሃግ ኦክቶበር 28 ሲሰናበት ሁላችንም የማንችስተርን ጋዜጠኞች ገጽ እያደስን ነበር። ማረጋገጫው የመጣው ከሊዝበን ነው። ስፖርቲንግ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ድርጅት ስለሆነ፣ ትልቅ ነገር ሲኖር ለፖርቱጋል የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በማግስቱ በጽሑፍ አሳወቀ፦ ማንችስተር ዩናይትድ አሰልጣኛችንን ሩበን አሞሪምን ይፈልጋል፣ 10 ሚሊዮን ዩሮ የውል ማፍረሻውንም ሊከፍል ዝግጁ ነው። የክለቡ ምንጮች የለ፣ እንደተረዳነው የለ። ኖቬምበር 1 ስምምነቱ ይፋ ሲሆን ዋጋው 11 ሚሊዮን ሆኖ ነበር። አሞሪም ኖቬምበር 11 ማንችስተር ላይ ሥራ ጀመረ።