44 ግራሙ ከየት መጣ?

(በትምህርት ቤት የሳይንስ ቀን፣ በወላጆችና በተማሪዎች ፊት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ «ኬሚስትሪ ለአገር ዕድገት ያለው ሚና» የሚል ርዕስ ተሰጥቶኛል። አመሰግናለሁ። ስለ አገር ዕድገት የሚናገሩ እንግዶች ከእኔ በኋላ አሉ። እኔ የማወራው ስለ ከሰል ነው።

ኬሚስትሪ ላይ ተማሪን በጣም የሚያስጨንቀው ስቶይኪዮሜትሪ የሚባለው ሂሳብ ነው። ከዚህ ይህን ያህል ግራም፣ ከዚያ ያን ያህል ግራም ቢገናኝ ምን ያህል ይወጣል የሚለው። ወላጆች አትደንግጡ፤ የሚከብደው ስሙ ነው። ሪአክሽኑን ትጽፋለህ። ባላንስ ታደርጋለህ፤ ከቀስቱ ግራና ቀኝ ያሉት አቶሞች እኩል እስኪሆኑ ትቆጥራለህ። ግራሙን ለአንድ ሞል ክብደት አካፍለህ ሞል ታወጣለህ፤ ሞል እንደ ደርዘን የአቶምና የሞለኪውል መቁጠሪያ ነው። ሞልን ከሞል ታነጻጽርና መልሰህ ወደ ግራም ታባዛለህ። አለቀ። ማካፈልና ማባዛት የሚችል ልጅ ይሠራዋል።

ችግሩ መሥራቱ ላይ አይደለም።

አንድ ቀን አሥረኛ ክፍል ገብቼ እጅግ ቀላሉን ጥያቄ ሰጠሁ። 12 ግራም ካርቦን ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ስንት ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል? ሰሌዳው ላይ ጽፌ ሳልጨርስ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «44!» አለ። ልክ ነው። ወደሚቀጥለው ላልፍ ስል ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እንዴት 44 ይሆናል? እናቴ ከሰል ትሸጣለች። ከሰል ነዶ ሲያልቅ የሚቀረው አመድ ነው። አመድ ደግሞ ከከሰሉ ይቀላል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ ዴስኩን እየደበደበ ነው የሚስቀው። እሱን ብድግ በል አልኩት። «12 የነበረው 44 ሆነ። 32ቱ ከየት መጣ?» ቆም ብሎ አሰበና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ከፎርሙላው።»

ከፎርሙላው! ከዚያ ሁሉ ተማሪ ጥያቄው የገባት አንዷ ብቻ ነበረች። የሳቁትም በእሷው ላይ ነው።

32ቱ የመጣው ከአየሩ ነው። 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ይዞ 44 ግራም ጋዝ ሆነና በመስኮት ወጣ። አመዱ ድሮም ከሰሉ ውስጥ የነበረ፣ የማይነድ ማዕድን ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮይሲየር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሚዛን ይዞ የለፋበት ጉዳይ ይኸው ነው። የከሰል ሻጯ ልጅ ያለ ሚዛን ደርሳበታለች።

ያ ፔሬድ በሙሉ በእሷ ጥያቄ አለቀ። በሳምንቱ ምን ተባልኩ መሰላችሁ? «ፖርሽን ላይ ወደ ኋላ ቀርተሃል።» እሺ፣ ቀርቻለሁ!

አሁን ሁለተኛውን ልንገራችሁ፤ የመጣሁትም ለእሱ ነው። ፈተና ላይ ሊሚቲንግ ሪአክታንት የሚባል ጥያቄ አይጠፋም። ከሁለቱ ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው ነው ይላል። 36 ግራም ካርቦንና 64 ግራም ኦክስጅን ተሰጥቶሃል እንበል። ካርቦኑን ለ12 ስታካፍለው 3 ሞል፣ ኦክስጅኑን ለ32 ስታካፍለው 2 ሞል። አንድ ሞል ካርቦን የሚፈልገው አንድ ሞል ኦክስጅን ስለሆነ ኦክስጅኑ ቀድሞ ያልቃል። መልስ፦ 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 12 ግራም ካርቦን ደግሞ ተረፈ። ልጁ «ቢ»ን አክብቦ ወጣ። ሙሉ ነጥብ።

ማንደጃው ላይ ግን የተረፈው ካርቦን እንደ ወረቀቱ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፍም ነው፤ ይጋላል። አዲስ ኦክስጅን ሲያጣ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ላይ ኦክስጅን ይነጥቃል። አንድ ካርቦንና አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተገናኝተው ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናሉ። የተረፈው 12 ግራም በሙሉ ይህን ካደረገ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 56 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይኖረናል። ደምሩት፣ 100 ነው። ስንጀምር የነበረው 36ና 64ም 100 ነው። ሂሳቡ ቁልጭ ያለ ነው።

ሰውየው ግን ይሞታል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም። ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። እኛስ ቤት ምን እናደርጋለን? ከሰሉን ደጅ እናያይዛለን፣ ጭሱ እስኪወጣለት እንጠብቃለን፣ ፍም ሲሆን «በቃ አሁን ደህና ነው» ብለን ወደ ቤት እናስገባለን። ክረምት ነው፣ ይበርዳል፣ በሩ ይዘጋል። ጭሱ ስለሌለ አደጋው ያለፈ ይመስለናል። ጠዋት ጎረቤት በር ይሰብራል። «የከሰል ጭስ አፈናቸው» ይባላል፤ ጭስ ግን አልነበረም።

እናንተ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ፈተና ላይ ትመልሳላችሁ። ስንቶቻችሁ ናችሁ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ መስኮቱን የምትከፍቱት? ለአያታችሁ «እማማ፣ ማንደጃው ውጭ ይደር» የምትሉት? ፍሙ መሃል ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ እንደሆነ ደብተራችሁ ላይ ጽፋችኋል እኮ!

የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተሰጠ፣ መኮራረጁ ቀነሰ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገሩ ሁሉ ጮኸ። መምህሩ ነው፣ ተማሪው ነው፣ ስልኩ ነው ተባለ። ከዚያስ? ከዚያማ ልጆቹን ለማጠናከሪያ ትምህርት ከፍለን ላክናቸው። እዚያ ምን ይማራሉ? ሾርት ከት! ጥያቄውን ሳታነብ መልሱን የምትገምትበት ዘዴ። ወላጆች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ልጃችሁ ሳይገባው እንዲመልስ ነው እየከፈላችሁ ያላችሁት። ቤት ሲመጣ «ስንት አገኘህ?» ትሉታላችሁ። አንድ ቀን «ለምን ሆነ?» በሉት እስቲ። እናንተ መልሱን ባታውቁትም ግድ የለም፤ ማወቁን ታዩበታላችሁ።

እኛ መምህራንም ብንሆን ከወቀሳ አናመልጥም። እዚህ ግቢ ውስጥ ላብራቶሪ አለ። አዎ አለ፤ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ በሩ ላይ የተጻፈው ቀለም የለቀቀው። ውስጡ የተሰበረ ወንበር ሞልቷል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች ሌብላቸው ተልጦ የትኛው ምን እንደሆነ አይታወቅም። እነሱን አልነካም፤ በአግባቡ ይወገዱ። እኔ የምፈልገው ሚዛኑን ነው። የሚሠራ ሚዛን አለ፣ በመስኮት አይቼዋለሁ። ልጆቼ አንድ ጊዜ የብረት ሱፍ፣ ያ ድስት የሚፈተግበት ቀጭን የብረት ክር፣ ሲቃጠል ክብደቱ ሲጨምር በዓይናቸው ይዩ። ብረት ኦክስጅን ይዞ ሲከብድ ያየ ልጅ «ከፎርሙላው» አይለኝም። ቁልፉን ስጠይቅ «ስቶር ጋ ነው» እባላለሁ። ስቶር ስሄድ «አስተዳደር ጋ ነው»። አስተዳደር ስሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው። አንድ ቁልፍ እኮ ነው!

ስለ ፔሪዮዲክ ቴብልም፣ ኤለመንቶች ስለተደረደሩበት ሰንጠረዥ፣ ልናገር አስቤ ነበር። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ በ1869 እ.ኤ.አ. ሰንጠረዡን ሲሠራ ላልተገኙ ኤለመንቶች ባዶ ቦታ ትቶ ነበር፤ በ1875 ጋሊየም መጥቶ አንዱን ሞላው። እኛ የመጀመሪያዎቹን 20 ኤለመንቶች በዜማ አስሸምድደን ባዶ ቦታውን ሳናነሳ እናልፋለን። ሰዓቴ አልቋል፣ ይቆየን።

ርዕሰ መምህራችን ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ወላጆችም ምስክር ናችሁ። ሰኞ ሁለተኛ ፔሬድ ኬሚስትሪ አለኝ። የብረት ሱፉን ከኪሴ ገዝቻለሁ። ወንበሮቹን ልጆቹና እኔ እናወጣለን። ቁልፉን እሑድ ማታም ቢሆን ቤትዎ ድረስ መጥቼ እወስዳለሁ።

አመሰግናለሁ።