ምርቃናና የአይጧ ሩጫ

(አራት ኪሎ፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ፒያሳም ሂዱ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ጫት ቤት ሳታዩ ብዙ አትርቁም። ጫቱ በኮባ ተጠቅልሎ የሚመጣው ለጌጥ አይደለም። እርጥብ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ጉልበቱ ወደሚያንስ ነገር ይለወጣል። ይህ ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ ሲታወቅ አምፌታሚን የሚባለው ሰው ሠራሽ አነቃቂ ዕፅ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

አሁን አይጧን ላሳያችሁ። የብርሃን ጨረር የሚያቋርጠው ሳጥን ውስጥ ናት፤ ጨረሩን አቋርጣ ባለፈች ቁጥር ማሽኑ ይቆጥራል። ትንሽ አምፌታሚን በመርፌ ሲሰጣት ቁጥሩ ያሻቅባል፣ ከጥግ ጥግ ትመላለሳለች። መጠኑ በጣም ሲጨመር ግን ቁጥሩ ይወርዳል። ተረጋግታ እንዳይመስላችሁ! አንድ ጥግ ላይ ተተክላ ያንኑ ቦታ ታሸታለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሽቦውን ታኝካለች።

ነገሩ ዶፓሚን ነው፤ የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል። የነርቭ ሴል ዶፓሚኑን ረጭቶ መልእክቱን ካደረሰ በኋላ መልሶ የሚያስገባበት በር አለው። ኮኬይን በሩን ይደፍነዋል። አምፌታሚንና ካቲኖን ደግሞ በሩን ገልብጠው ከውስጥ የተጠራቀመውን ጭምር ያስወጡታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ይህ በር የሌላቸው አይጦች በቤተ ሙከራ ተፈጠሩ። ምንም ሳይሰጣቸው ይሯሯጣሉ፤ ኮኬይንም አምፌታሚንም ሩጫቸውን አልጨመረላቸውም። ነገሩ በዚህ በር በኩል መሆኑን እኔን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ይሄ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ፈተና ሲደርስ ከጓደኞቼ ጋር በርጫ ላይ ሆነን እናነብ ነበር። ምርቃናው ሲመጣ እስክሪብቶዬ አያርፍም። አንድ ሌሊት ምዕራፉን በሙሉ ጨረስኩት ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ደብተሬን ስገልጥ፣ አንዲት አንቀጽ ላይ ብቻ ደጋግሜ አስምሬ ወረቀቱ ተቀዷል። ከዓመታት በኋላ ሽቦ የምታኝከውን አይጥ ሳይ ያ ገጽ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አይጥ ሰው አይደለችም፣ አውቃለሁ፤ ግን ደነገጥኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለቀናት በተከታታይ አምፌታሚን የተሰጣት አይጥ፣ ሳምንታት አርፋ ያው ትንሽ መጠን ቢሰጣት፣ ከመጀመሪያው ቀን አብልጣ ትሮጣለች። አንጎሏ አልረሳም። «ለፈተና ብቻ ነው፣ ከዚያ እተወዋለሁ» የምትሉ ልጆቼ፣ ይህን ያመጣሁት ለእናንተ ነው።

ደብተሩንም ይዤው መጥቻለሁ። የተቀደደውን ገጽ ማየት የምትፈልጉ፣ ስንጨርስ እዚህ ጠረጴዛው ጋ ኑ።