የመክፈቻ ንግግር፦ በቼናይ የድሮ ታሚል ፊልም ዘፈኖች ሸክላ ሰብሳቢዎች ዓመታዊ ስብሰባ

ክቡራን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን፣ ሻዩን ላሰናዱልን ምስጋናችን ይድረሳቸው። በዓመቱ የተለዩንን በህሊና ጸሎት አስበናል።

ሪፖርቱ አጭር ነው። የዜማ ደራሲዎቹ የጂ. ራማናታንና የኬ.ቪ. ማሃዴቫን ሸክላዎች ዝርዝር አልቋል። መደርደሪያም ተገዝቷል። አብረው ዜማ ይደርሱ የነበሩት የቪስዋናታንና የራማሙርቲ ግን ተጀምሮ ቆሟል፤ እነሱ እ.ኤ.አ. በ1965 ተለያዩ፣ እኛም ዘንድሮ ልንለያይ ምንም አልቀረን።

ያነታረከን አንድ የዘፋኙ የቲ.ኤም. ሳውንዳራራጃን ሸክላ ነው። ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ ሲላክላችሁ ለተዋናዩ ለኤም.ጂ.አር. የተዘፈነው ዘፈን ለሌላው ተዋናይ ለሲቫጂ ጋኔሳን የተዘፈነ መስሎ፣ ወፍሮ ከደረት ወጣ። ገሚሱ «ለሸክላ ብቻ እንደገና የተቀረጸ ነው» አለ፤ ገሚሱ «የፊልሙ ራሱ ነው»። ሁለት አባላት እስካሁን ሰላምታ የላቸውም። ለካ ጥፋቱ የማጫወቻው ኖሯል! በደቂቃ 78 ዙር መዞር ሲገባው 76 ዞሯል። የ2 ዙር ጉድለት ቅኝቱን የሴሚቶን (በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ግማሽ ያህል ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1938 የፊልም አዘጋጁ ኤ.ቪ. ሜይያፓን በ«ናንዳኩማር» ፊልም የዘፋኟን የላሊታ ቬንካታራማንን ድምፅ ለተዋናይቱ ካዋሰ ወዲህ ፊቱ የአንዱ፣ ድምፁ የሌላው በሆነበት ጥበብ ይህን መሳት ቀላል ስህተት አይደለም።

ስለዚህ ከመገልበጣችሁ በፊት ፍጥነቱን ለኩ። አንዳንድ ሸክላ ላይ የስቱዲዮው ኤሌክትሪክ እምምታ አብሮ ተቀርጿል፤ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) መሆን የሚገባው 48.7 ካሳያችሁ ማጫወቻው 76 እየዞረ ነው። የራሳችሁ ዕቃ እምምታ ግን ሸክላው ቢቆምም 50 ላይ ይኖራልና መርፌውን አንስታችሁ አረጋግጡ።

መርፌውም ሌላ ጉድ ነው። የኤልፒ፣ ማለትም በዝግታ የሚዞረው የኋለኛው ዘመን ሸክላ፣ መርፌ ጫፍ ከ18 እስከ 25 ማይክሮን ነው፤ በ78 ዙር የሚጫወተው ሸክላ ቦይ (ድምፁ የተቀረጸበት መስመር) ግን 76 ማይክሮን ገደማ ይፈልጋል። ቀጭኑ የቦዩን ግድግዳ ትቶ ወለሉ ላይ ያለውን አቧራ ይጠርጋል። ከዚያ ጫጫታውን በኮምፒውተር እናጥራ ስንል የታብላው (የከበሮው) ምት አብሮ ይሄዳል። አምፕሊፋየራችንም ለኤልፒ የተሠራ ነው፦ ቀጭኑን ድምፅ በ10 ሺህ ኸርዝ ላይ ወደ 14 ዴሲቤል ይቆርጣል። የ78 ሸክላ ሲቀረጽ ቀጭኑ ድምፅ ያን ያህል ከፍ ስላልተደረገ ዘፋኟ ፒ. ሱሺላ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምትዘፍን ትመስላለች። ሳይጠራ የተገለበጠው መጀመሪያ ይቀመጥ፤ ማጥራቱ በቅጂው ላይ ይሁን። ይህን ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ።

በአልኮል ጠርጋችሁ ያመጣችሁም አላችሁ። የ78 ሸክላ የላክ ሙጫ አለበት፤ አልኮል ያሟሟዋል። በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ሁለት ሦስት ጠብታ ለስላሳ የዕቃ ሳሙና ይበቃል። መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት ሳታርሱ፣ ለስላሳ ብሩሽ በቦዩ ዙሪያ አዙራችሁ፣ ወዲያው አድርቁ።

አሁን ደግሞ እዚህ ላልተገኙት። ንግግሬ እንደሚደርሳቸው አውቃለሁ። የዘፋኞቹን የፒ. ሊላንና የኤ.ኤም. ራጃን ሸክላ በሣጥን ቆልፋችሁ «ይሰበርብኛል» የምትሉ፣ ስጋታችሁ ይገባኛል፤ አጋድማችሁ ደራርባችሁት ግን ከታች ያለው በክብደቱ እየተሰነጠቀ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የዝናብ እርጥበት ሲጨመርበት ሻጋታው ቦዩ ውስጥ ይገባል። እኛ ዘንድ ቢሰበር እናንተ ትወቅሱናላችሁ፤ እናንተ ዘንድ ሲሻግት ማን ይወቅሳችሁ? መዋጮውንም ብትከፍሉ አንድ የ78 መርፌ በገዛን ነበር፤ ለዚህ እንኳ ሒሳቡ ባዶ ነው።

ከመጪው እሑድ ጀምሮ ጠረጴዛው ዝግጁ ነው። ሸክላውን አቁማችሁ፣ በየመሃሉ ካርቶን አስገብታችሁ አምጡ፤ ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ ይገለበጥለታል፣ ሸክላውንም ያኑ ዕለት ይዞ ይሄዳል። ወደ ሁለተኛው አጀንዳ እንለፍ፤ ሒሳብ ሹሙ ይቅረቡ።