አፕግሬድ አደረግነው፣ ዋይፋዩ ጠፋ (የውይይቱ ጽሑፍ)

ሜሮን፦ ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ነው። ላፕቶፑ ደህና ይሠራ ነበር፣ ወደ ዊንዶውስ 11 አሳደጉት፣ በቃ ዋይፋይ የለም። አንዳንዱ ጋ ድምፅ ይጠፋል፣ ሌላው ጋ የስክሪኑ ብርሃን አልቀንስ ይላል።

ናሆም፦ ሰው ደግሞ ወዲያው "ካርዱ ተቃጠለ" ብሎ ይደመድማል። አልተቃጠለም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ድራይቨሩ ነው፣ ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ማለቴ ነው። አዲስ ዕቃ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት እሱን እዩልኝ።

ሜሮን፦ ከመጀመሪያው እንነሳ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ ሰው ወደ 11 መሄድ ይፈልጋል። ሲሞክር ግን "ኮምፒውተርህ መስፈርቱን አያሟላም" ይለዋል።

ናሆም፦ እዚያ ላይ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት የቱን እንዳላሟላ ማየት ነው። ፕሮሰሰሩ ከሆነ ብዙም የምታደርጊው የለም። ኢንቴል ከጥቂቶች በስተቀር 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ስሙ ላይ ይነበባል፣ አይ5-8250ዩ ካለ 8ኛ ነው፣ አይ5-7200ዩ ካለ 7ኛ ነው፣ አያልፍም። ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ክፍል ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፑ ላይ አለ፣ ተዘግቶ ነው። ባዮስ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ ማለቴ ነው፣ ገብታችሁ ማብራት ነው፣ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኙታላችሁ።

ሜሮን፦ ቆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዲስካችሁ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ቢትሎከሩን ለጊዜው አቁሙት፣ 48 አሃዝ ያለውን መክፈቻ ቁጥርም ሌላ ቦታ አስቀምጡ። አለበለዚያ ላፕቶፑ ሲነሳ ቁጥሩን አምጡ ይላል፣ ቁጥሩ ደግሞ እዚያው የተቆለፈው ላፕቶፕ ውስጥ ነው።

ናሆም፦ ልክ ነሽ፣ ከዋይፋይ መጥፋት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሌላው፣ ላፕቶፑ በድሮው ሌጋሲ በሚባለው መንገድ የሚነሳ ከሆነ ዝም ብላችሁ ወደ አዲሱ መንገድ፣ ወደ ዩኢኤፍአይ አትቀይሩት፣ ዊንዶውሱ አይነሳም። መጀመሪያ የዲስኩ አከፋፈል ከድሮው ኤምቢአር ወደ አዲሱ ጂፒቲ መቀየር አለበት። ለዚህ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል መሣሪያ አለ፣ ፋይል ሳያጠፋ ይቀይራል። ቢሆንም ባክአፕ ሳትይዙ አትጀምሩ።

ሜሮን፦ እሺ፣ አለፈ እንበል። ዊንዶውስ 11 ተጫነ፣ ዋይፋይ የለም። ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨር ያስፈልጋል።

ናሆም፦ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰኩትና ኢንተርኔቱን ለላፕቶፑ እንዲያካፍል ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሩ። አንድሮይድ ከሆነ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ኔትወርክ ካርድ ቆጥሮ ይቀበለዋል፣ ምንም መጫን አያስፈልግም። ከዚያ የላፕቶፑን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበት ዕቃ ካለ ችግሩ እሱ ጋ ነው።

ሜሮን፦ ብዙ ጊዜ ግን "ያልታወቀ ዕቃ" ብቻ ነው የሚለው። ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ናሆም፦ ይሄን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ዕቃው ላይ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ፣ ከዝርዝሩ ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጡ። ረጅም ጽሑፍ ይመጣል፣ ከሱ ውስጥ የምትፈልጉት ሁለት ቦታ ነው። ቪኢኤን ከሚለው ቀጥሎ ያለው አምራቹን ይነግራችኋል፤ 8086 ኢንቴል ነው፣ 10ኢሲ ሪያልቴክ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 10ዲኢ ኤንቪዲያ። ዲኢቪ ከሚለው ቀጥሎ ያለው ደግሞ ሞዴሉ ነው። ለምሳሌ 10ኢሲ እና ሲ821 ካያችሁ አርቲኤል8821ሲኢ የሚባለው የሪያልቴክ ዋይፋይ ካርድ ነው። ከዚያ በኋላ ግምት የለም፣ የላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ የራሱን ታወርዳላችሁ።

ሜሮን፦ ዲቫይስ ማናጀር ላይ የሚታዩት የስህተት ቁጥሮችስ?

ናሆም፦ ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ነው፣ ቀላሉ እሱ ነው። ኮድ 10 ዕቃው መነሳት አልቻለም፣ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ወይም ያረጀ ድራይቨር ነው። ኮድ 43 ላይ ግን ዕቃው ራሱ ችግር አለብኝ ብሎ አሳውቋል፣ በድራይቨር ካልተስተካከለ ሃርድዌሩን መጠርጠር ይቻላል።

ሜሮን፦ ከባዶ በፍላሽ የሚጭኑት ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል። ኢንስቶለሩ "ዲስክ አላገኘሁም" ይላል፣ ኤስኤስዲው ግን ባዮስ ውስጥ ይታያል።

ናሆም፦ በተለይ ከኢንቴል 11ኛ ትውልድ ወዲህ ባሉት ላይ። ቪኤምዲ የሚባል፣ ኤስኤስዲውን በኢንቴል መቆጣጠሪያ ሥር የሚያደርግ የባዮስ ማስተካከያ ስለበራ ነው። ከአምራቹ አርኤስቲ የሚባለውን የኢንቴል የዲስክ ድራይቨር አውርዳችሁ፣ ከዚፕ ከሆነም አውጥታችሁ ፍላሹ ላይ አድርጉት፣ ከዚያ ሎድ ድራይቨር ብላችሁ ጠቁሙት፣ ዲስኩ ብቅ ይላል። አንዳንዱ ቪኤምዲን ያጠፋዋል፣ ያኛውም ይሠራል። ግን ዊንዶውስ ቀድሞ የተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ድንገት ብታጠፉት ላይነሳ ይችላል።

ሜሮን፦ እኔ የምመክረው ሁሉንም ከመነሻው መሰብሰብ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ የዋይፋዩንና የዲስኩን ድራይቨር ቀድማችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። አሁን ያሉትን በሙሉ ፒኤንፒዩቲል በሚባለው ትእዛዝ ወደ አንድ ፎልደር ማውጣትም ይቻላል።

ናሆም፦ 64 ቢት ከሆኑ የዊንዶውስ 10 ድራይቨሮች ብዙዎቹ 11 ላይ ይሠራሉ። 32 ቢት የሆነ ግን አይሆንም፣ ዊንዶውስ 11 የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። እና እባካችሁ፣ "ድራይቨራችሁን በሙሉ በአንድ ክሊክ አድሳለሁ" የሚሉ ፕሮግራሞችን ተዉአቸው። የሚጭኑት ለእናንተ ሞዴል የተዘጋጀ ለመሆኑ ማረጋገጫ የላችሁም።

ሜሮን፦ ሁሉም ተሞክሮ እምቢ ካለስ?

ናሆም፦ በላዩ ላይ አፕግሬድ ያደረጋችሁት ከሆነ 10 ቀን አላችሁ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ ጎ ባክ። የድሮው ሲስተም ዊንዶውስ ኦልድ በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፣ ቦታ ያዘብኝ ብላችሁ ካጠፋችሁት መመለሻ የለም።

ሜሮን፦ ስለዚህ በነዚያ ቀናት ውስጥ ካሜራውን፣ ማይኩን፣ ብሉቱዙን፣ ኤችዲኤምአዩን፣ ላፕቶፑ ተዘግቶ ሲከፈት መነሳቱን ጭምር ሞክሩት። ፎልደሩን ማጥፋት ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።