ሐይቋ ላይ የሚዘንበው ቫይረስ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝን ነገር ላውጋችሁ።

ደቡብ ስፔን ውስጥ፣ ከግራናዳ ከተማ በላይ፣ ሲየራ ኔቫዳ የሚባል የተራራ ሰንሰለት አለ። ትልቁ ጫፍ ሙላሴን 3,479 ሜትር ነው። ከሱ ግርጌ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ላ ካልዴራ የምትባል ትንሽ ሐይቅ አለች። ዓሣ የላትም። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ለብሳ ነው የምታሳልፈው። ውኃዋ ጥርት ያለ ነው፤ ምግብ የለበትማ! በተለይ ፎስፈረስ ብርቅ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቦታ ቫይረስ ምን ይሠራል? እኔ ከኮሮና ወዲህ ቫይረስ ሲባል እጄን ልታጠብ ነው የሚያሰኘኝ። የሐይቅ ቫይረሶች ግን አብዛኞቹ እኛን ከነመፈጠራችንም አያውቁን፤ ጠባቸው ከባክቴሪያ ጋር ነው። ቫይረሱ ባክቴሪያው ላይ ይለጠፍና ዲኤንኤውን ወደ ውስጥ ይልካል። ባክቴሪያው የራሱን ሥራ ትቶ ቫይረስ ሲያመርት ይቆይና ይፈነዳል። አዳዲሶቹ ቫይረሶች ይወጣሉ፤ አብሮም የባክቴሪያው ሆድ ዕቃ ውኃው ውስጥ ይፈሳል፦ ካርቦኑ፣ ናይትሮጅኑ፣ ያ ብርቅ ፎስፈረስም። የተረፉት ባክቴሪያዎችና አልጌዎች ይሻሙበታል።

ያንን ባክቴሪያ ሌላ ደቂቅ እንስሳ ቢበላው ኖሮ ምግቡ ወደ ትልልቆቹ ያልፍ ነበር። ቫይረሱ ግን እዚያው ታች ያዞረዋል። ስለዚህ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብትሉኝ፣ ለማን? ብዬ ነው የምመልሰው።

ይበልጥ የገረመኝ ግን አመጣጣቸው ነው። ተመራማሪዎቹ ኢሳቤል ሬቼ፣ ከርቲስ ሰትልና ባልደረቦቻቸው እዚያው ተራራ ላይ ከአየር የሚወርደውን ሰብስበው ቆጠሩ። ቦታውን የመረጡት በምክንያት ነው፤ ከመሬት ጋር ከሚደባለቀው የአየር ንብርብር በላይ ስለሆነ፣ እዚያ የሚያርፈው ከሩቅ የተጓዘ ነው። ውጤቱን በ2018 አወጡት፦ በቀን፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ፣ ከ260 ሚሊዮን እስከ 7 ቢሊዮን በላይ ቫይረስ! ከባክቴሪያው ከ9 እስከ 461 እጥፍ ይበልጣል።

የሰሃራ አቧራ ሲመጣና ዝናብ ሲጥል የሚወርደው ባክቴሪያ ይጨምራል። ቫይረሱን ግን ዝናቡ ይህን ያህል አይለውጠውም፤ ከ0.7 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ባነሱ ብናኞች ላይ ተጣብቆ ስለሚጓዝ አየር ላይ ረዘም ብሎ ሳይቆይ አይቀርም። በብዛት የሚመጣውም ከባሕር በኩል በሚነፍሰው አየር ነው። አቧራውም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ለነዚህ ሐይቆች ፎስፈረስ የሚያደርሰው እሱ ነው።

እንግዲህ አስቡት፦ ወንዝ የማይገባባት ጉድጓድ ውስጥ ያለች ሐይቅ፣ ከባሕርም ከበረሃም በየቀኑ መንገደኛ ትቀበላለች። የወረደው ሁሉ ይኖራል ማለት አይደለም። በዚያ ከፍታ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ብዙውን ያበላሸዋል፤ ያመለጠውም የሚስማማውን ባክቴሪያ ማግኘት አለበት። ካገኘም ወዲያው ላይገድለው ይችላል። አንዳንዱ ዲኤንኤውን ከባክቴሪያው ዲኤንኤ ጋር አዋሕዶ፣ ባክቴሪያው በተራባ ቁጥር አብሮ እየተባዛ፣ ክፉውን ወቅት ያሳልፋል።