ጦም አናሳድረው፣ ሁሉንም ሽንኩርት አናድርገው
(ሐይቅ ከተማ አጠገብ አዲስ የተሰጠንን መሬት በተረከብንበት ዕለት ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ እንኳን አደረሳችሁ። ደመናው እንደገና ሳይጠቁርብን ቶሎ ልናገር።

ትናንት ገመድ ይዘን ስንለካ የነበራችሁ አይታችኋል። ግማሽ ሄክታር ነው፤ በእኛ አነጋገር ሁለት ጥማድ። እስከ ዛሬ የምናውቀው የጓሮ መደብ ነው፤ በአንዱ ጥግ ጎመን፣ በሌላው ቃሪያ፣ ከማድቤት የወጣ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ የሚደፋበት። ይኼኛው ግን ከዳር እስከ ዳር ባልዲ ተሸክሞ ለመሄድ እንኳ ትንፋሽ ይፈልጋል።

በቅሬው ስብሰባ ላይ ብዙዎቻችሁ «ሁሉንም ሽንኩርት እንትከለው» ብላችኋል። ስጋታችሁ ይገባኛል። ጦሙን ካደረ ይወሰድብናል ትላላችሁ። ደግሞ 77ን ያየ የወሎ ሰው ባዶ መሬት እያየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ እኔንም አይወስደኝም። ቢሆንም የምለምናችሁ አለኝ፦ ዘንድሮ አትክልት የምናለማበት ሩቡን ብቻ ይሁን።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሽንኩርት ሲተከል በጥንዱ መስመር መካከል 20 ሳንቲ ሜትር፣ ለውሃ ቦዩ 40፣ ከችግኝ ችግኝ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። በዚህ አያያዝ ግማሽ ሄክታር ከ166,000 በላይ ችግኝ ይጠይቃል። እኛ 30 ነን። ለአንድ ሰው ከ5,500 በላይ ይደርሳል፤ እያንዳንዷን ጎንበስ ብሎ፣ አፈሩን በጣት እየወጉ። ተከላው ደግሞ ቀላሉ ነው። የሽንኩርት ቅጠል ቀጭን ስለሆነ መሬቱን አይሸፍነውም፤ አረም እንደልቡ ፀሐይ እየሞቀ ይነሣል። ጤፍ ሲያርም የኖረ ሰው እንኳ ሽንኩርት ውስጥ ገብቶ ወገቡን ይዞ ይወጣል። ሩቡ ቢሆን ግን ለአንድ ሰው 1,400 ችግኝ አይሞላም። ምንጩም ቢሆን ለሁለት ጥማድ አይበቃ፤ ጥር ላይ ምን እንደሚመስል እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ይኼን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ጥማድ የእኩል ይዤ ሙሉውን ሽንኩርት ላደርገው ተነሣሁ። ዘሩን ደሴ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ፍሬው ጥቁር፣ ያማረ ነበር፤ መደብ ላይ ግን ከአሥሩ ሦስቱ እንኳ አልበቀለም። የሽንኩርት ዘር ዓመት ካለፈው አቅሙ እንደሚደክም ያን ጊዜ ማን ነገረኝ? ሁለተኛ ገዛሁ። ችግኙ እስኪደርስ አረሙ ቀደመኝ። ይባስ ብዬ ያልበሰለ ፍግ ጨመርኩበትና ግማሹን አቃጠለው። የተረፈውን ነቅዬ ገበያ ስወጣ አገሩ ሁሉ ሽንኩርት ይዞ ወጥቷል። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ይኼ ሽንኩርት ሳይከተፍ አስለቀሰን» ይል ነበር።

አሁን ዘር ስንገዛ 100 ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን አሥር ቀን እናያለን። 70ው ካልበቀለ ለሻጩ ይመለሳል። ሩቡም ቢሆን ሁሉም ሽንኩርት አይሁን፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቃሪያ ይግባበት። ገበያው ቢከዳን እንኳ ወጥ አይከዳንም።

የቀረውስ ሦስት እጅ? ታችኛው ክፍል ዋልካ ነው። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ጠጥቶ ትናንት ጫማችንን ሲያወልቅብን ነበር። ይኼ ዋልካ ሽምብራ ይወዳል። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ይዘራል፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ያድጋል፤ ባልዲ አምጡ አይልም። ሥሩ ላይ ያሉት ጉብጉብ ነገሮች ናይትሮጅን ከአየር እየያዙ ለመሬቱ ያተርፋሉ። እንዲህ ካደረግን መሬቱ ጦም አላደረም፤ የሚጠይቅ ቢመጣም አዝመራ ያያል። እሸቱን ከገዛ ልጆቻችን ማን እንደሚጠብቀው ግን መላ አላገኘሁለትም።

ላይኛው፣ ምንጩ አጠገብ ያለው ቀይ አፈር፣ የአትክልታችን ሩብ ነው። እሱን ሰርዶ ይዞታል። «በሬ አስገብተን እንገልብጠው» ያለው ወንድሜ ይቅር ይበለኝ። ሰርዶ በማረሻ ሲቆረጥ አይሞትም፤ እያንዳንዷ አንጓ ሌላ ሰርዶ ትሆናለች። በመቆፈሪያ እየፈነቀልን፣ ሥሩን በእጅ እየለቀምን ፀሐይ ላይ እናድርቀው። ዳር ዳሩን ደግሞ ቅንጬ አረም አለ። አንዷ ከ10,000 በላይ ዘር ልታራግፍ ትችላለች። ያላበበውን አሁኑኑ እንንቀል፤ ያበበውን ለብቻ አድርቀን እናቃጥለው፣ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ። ያሳክካል፤ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። ጠርዙ ላይ ያለውን አደይ አበባ ግን ተዉት፣ ለዓይናችን።

ፍግን ሳነሣ እናቶችን እፈራለሁ። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ እኔም ቤት እንደዚያው ነው። ኩበቱን ተዉ አልልም፤ በምን ልንጋግር? በሳምንት አንድ ጆንያ የበረት ጥራጊ፣ አመድና ከብት የተረፈው ገለባ ከየቤቱ ይምጣ። ለብስባሽ ጉድጓዱ ሦስት አራት ወር ከሰጠነው ለበልግ ይደርሳል።

የሥራ ቀን ማክሰኞና ሐሙስ ተብሏል። ጁምዓ አለ፣ ሰንበት አለ፣ የገበያ ቀን አለ፤ ሌላ የሚመች ቀን አልተረፈንም። ማክሰኞ ሚካኤል ላይ ከዋለ እኛ ሙስሊሞቹ እንወጣለን። በረመዳን ደግሞ የውሃውን ተራ ክርስቲያኖቹ ይይዙልናል። ይኼን ያላችሁት እናንተው ናችሁ፤ እኔ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት እንጂ።

ስለ ሌላው ሦስት እጅ ደግሞ ሽምብራው ሲነሣ ተሰብስበን እንነጋገራለን። አሁን አቦሉ ሳይቀዳ እጅ እንቁጠር፤ ከዚያ ሸኾቹም ቄሱም ይመርቁናል። ላይኛውን ሩብ ለአትክልት፣ ታችኛውን ለሽምብራ የምትሉ፣ እስቲ እጃችሁን አውጡ።